በምጽዋ–አስመራ መስመር የሠሩት ባለ 442 ቁጥር ሎኮሞቲቮች፦ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን የላኩት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አያታቸው ከምጽዋ አስመራ በሚመላለሰው የእንፋሎት ባቡር ላይ ከሰል አንዳጅ ሆነው ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። በቤተሰቡ እጅ በቀረው ፎቶግራፍ ላይ አያትየው የተደገፉት ሎኮሞቲቭ ጎን «442.5» የሚል ቁጥር ይነበባል፤ የመጨረሻው አኃዝ ግን ደብዝዟል። አያትየው ስለዚህ ሎኮሞቲቭ ሲያወሩ «አንዱን እንፋሎት ሁለት ጊዜ ይበላል፤ ጥምዝ ላይ ሲደርስም ከወገቡ ይታጠፋል» ይሉ ነበር። ጠያቂው ይህ አባባል እውነትነት እንዳለው፣ ሎኮሞቲቩ ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር ጦሩን ያጓጓዘው መሆን አለመሆኑን፣ ከጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ሎኮሞቲቮች ጋር ዝምድና ይኖረው እንደሆነና ከዓይነቱ ዛሬ የተረፈ ካለ ማወቅ ይፈልጋሉ። በዚህ ምላሽ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቁጥሩ ብንነሣ ብዙ ነገር ይገለጣል። ጣሊያኖች ለጠባብ ሐዲድ ሎኮሞቲቮች ቁጥር ሲሰጡ በመጀመሪያው አኃዝ በእንፋሎቱ ኃይል የሚሽከረከሩትን አክስሎች (የመንኰራኵር ዘንጎች) ብዛት ያመለክቱ ነበር። በኤርትራ መስመር በየጣቢያው ፉርጎ ለመቀጣጠልና ለማሰናዳት ያገለግሉ የነበሩት ትንንሾቹ የብሬዳ ፋብሪካ ሥራዎች 202 የተባሉት ሁለት አክስል ስላላቸው ነው፤ 440 እና 442 የተባሉት ደግሞ አራት አላቸው። ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው የእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ መለያ ነው። የ442 ቡድን በጄኖቫ፣ በአንሳልዶ ፋብሪካ በ1938 የተሠራ በመሆኑ ፎቶግራፉ ከዚያ ዓመት በፊት ሊነሣ አይችልም። የጦሩ ጥያቄም በዚሁ መልስ ያገኛል፤ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው በግንቦት 1936 ስለሆነ፣ አያትዎ የተደገፉት ሎኮሞቲቭ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም ነበር። በ1935 ወታደሩን፣ ስንቁንና ጥይቱን ከምጽዋ ወደ ደጋው የጎተቱት በዋናነት ታላላቆቹ፣ 440 የተባሉት ናቸው። እነዚህን አንሳልዶ የሠራቸው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ አንሥቶ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የቆየው 440.008 የ1915 ሥራ ነው።

ሁለቱም ቡድኖች በባለሙያዎች ዘንድ «ማሌ» በሚል ስም የሚታወቀው ዓይነት ናቸው። ስሙ የተወሰደው በ1837 በስዊዘርላንድ ተወልዶ ሥራውን በፈረንሳይ ካካሄደው መሐንዲስ ከአናቶል ማሌ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1884 ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ የጣሊያኖች አይደለም። በ1889 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ጎብኚዎችን በ60 ሴንቲ ሜትር ሐዲድ ያመላለሱት የደኮቪል ኩባንያ ትንንሽ ሎኮሞቲቮች በዚህ ዘዴ የተሠሩ ነበሩ። በ1890 ደግሞ የሙኒኩ ማፋይ ፋብሪካ ለስዊሱ የጎትሃርድ ተራራ መስመር እጅግ ከባድ የሆነ ማሌ አቀረበ። ጣሊያኖች ወደ ኤርትራ ያመጡት እንግዲህ በሌሎች ተራሮች ላይ ተፈትኖ ያለፈ አሠራር ነው።

አያትዎ «አንዱን እንፋሎት ሁለት ጊዜ ይበላል» ያሉት ፍጹም ትክክል ነው። በተራ ሎኮሞቲቭ እንፋሎቱ ከቦይለሩ ወጥቶ ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ ፒስቶኑን ገፍቶ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ገና ጉልበት እያለው በጭስ ማውጫው ይባክናል። በማሌ ግን አራት ሲሊንደሮች አሉ። እንፋሎቱ በከፍተኛ ግፊት በመጀመሪያ ከኋላ ወዳሉት ሁለት አነስተኛ ሲሊንደሮች ይገባል፤ እዚያ ከሠራ በኋላ ግፊቱ ቀንሶ መጠኑ ግን ሰፍቶ በቧንቧ ወደ ፊተኞቹ ሁለት ሰፋፊ ሲሊንደሮች ይሻገራል፤ እዚያም ዳግመኛ ሠርቶ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። በፎቶግራፉ ላይ ሎኮሞቲቩ በጎኑ ከታየ የፊተኛው ሲሊንደር ከኋለኛው ጎላ ብሎ እንደሚወፍር ልብ ይበሉ፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ወደ ጭስ ማውጫው የሚተነፍሱት የፊተኞቹ ብቻ ስለሆኑ ድምፁም ከሌሎች ሎኮሞቲቮች ይልቅ ለስለስ ያለ ነው። ከሰሉ በመርከብ በሚመጣበት፣ ውኃውም በቆላው በኩል በጠባብ መጠን በሚገኝበት አገር ይህ ቁጠባ ቀላል ጥቅም አልነበረም።

የመታጠፉ ነገር ግን ጥቂት እርማት ይፈልጋል። የሚታጠፈው ቦይለሩ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሻሲ ነው። ማሌ አንድ ረጅም ሻሲ በማድረግ ፈንታ ሁለት ሻሲ አድርጎታል፤ የኋለኛው ከቦይለሩ ጋር በጽኑ የተያያዘ ሲሆን፣ የፊተኛው በማጠፊያ ፒን ከኋለኛው ጋር ተገናኝቶ በቦይለሩ ሥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። የቦይለሩ የፊት ክብደት በፊተኛው ሻሲ ላይ በተዘጋጀ ተንሸራታች መቀመጫ ያርፋል። ባቡሩ ጠባብ ጥምዝ ውስጥ ሲገባ ከሐዲዱ ዳር ሆኖ ለሚመለከት ሰው ሁኔታው ግልጥ ብሎ ይታያል፤ የፊት መንኰራኵሮቹ ሐዲዱን ተከትለው ወደ ውስጥ ሲዞሩ፣ የቦይለሩ አፍንጫ ከጭስ ማውጫው ጋር በቀጥታ አቅጣጫው ጸንቶ ከጥምዙ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ከኋላ ሆነው የሚያዩት አንዳጆች ወገቡ የታጠፈ ቢመስላቸው አያስደንቅም። በዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ወደሚንቀሳቀሰው ክፍል እንፋሎት የሚያደርሰው ቧንቧ መገጣጠሚያው ሊላላና ሊያፈስ የሚችል ነው፤ ነገር ግን በማሌ በዚህ ቧንቧ የሚያልፈው ግፊቱ የተቀነሰው እንፋሎት በመሆኑ ችግሩ እጅግ ይቃለላል። ሁለት ጊዜ መጠቀሙና መታጠፉ እርስ በርስ የሚረዳዱ እንጂ ሁለት የተለያዩ ፈጠራዎች አይደሉም፤ የማሌን ንድፍ የማደንቀውም በዋናነት ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት መንገዱን ማየት ግድ ነው። ከምጽዋ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ርቀት ውስጥ ሐዲዱ ከባሕር ወለል ተነሥቶ አስመራ አጠገብ 2,394 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል። ከነፋሲት ወደ ዓርበሮቡዕ በሚወጣው ክፍል ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ያለፉበት ሐዲድ ከእግርዎ ሥር ደጋግሞ ብቅ ይላል። በከባዶቹ ክፍሎች አቀበቱ 3.5 በመቶ ነው፤ ይህም ማለት በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ 35 ሜትር ከፍ ማለት ነው። የጥምዞቹም ሬዲየስ (ከክቡ ማዕከል እስከ ሐዲዱ ያለው ርቀት) እስከ 70 ሜትር ይጠብባል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። መቶ ቶን የሚመዝን ባቡር በሜዳ ላይ፣ በቀስታ፣ ግማሽ ቶን የማይሞላ የመጎተት ኃይል ይበቃዋል። ያው ባቡር 3.5 በመቶ አቀበት ላይ ሲወጣ ግን ወደ ኋላ የሚስበውን ክብደት ለመቋቋም ብቻ 3.5 ቶን ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፤ የጥምዙ መፋተግ ገና አልተጨመረበትም። ይህን ኃይል ያለ ጥርስ ሐዲድ፣ በመንኰራኵርና በሐዲድ መያያዝ ብቻ ለማግኘት ብዙ የሚነዱ አክስሎች ያስፈልጋሉ። አራት አክስል በአንድ ረጅም ሻሲ ላይ ቢደረደር ግን በ70 ሜትሩ ጥምዝ ውስጥ ይወተፋል፣ ሐዲዱንም ይበላዋል። ሁለት ሁለት አክስል አድርጎ መክፈሉ መፍትሔ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በኤርትራዎቹ ማሌዎች ላይ ውኃውም ከሰሉም በራሱ በሎኮሞቲቩ ላይ ስለሚጫን ክብደቱ በሙሉ በሚነዱት መንኰራኵሮች ላይ ያርፋል። ጉዳቱ፣ ውኃው እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ሐዲዱን የመቆንጠጥ አቅሙም አብሮ መቀነሱ ነው።

አያትዎ የያዙት ሥራ አካፋ ከማንሣት የበለጠ ነበርና ስለ እሱም ጥቂት ልበል። አቀበት ላይ ጭስ ማውጫውን ወደፊት አድርጎ በሚወጣ ሎኮሞቲቭ ውስጥ የቦይለሩ ውኃ ወደ ኋላ፣ ወደ እሳት ሳጥኑ በኩል ይተኛል፤ የውኃውን መጠን በሚያሳየው የመስተዋት ቱቦ ላይ የሚታየውም ደረጃ ከእውነተኛው የበለጠ ሆኖ ይነበባል። ባቡሩ ኮረብታውን ጨርሶ ቁልቁል ሲጀምር ደግሞ ውኃው ወደ ፊት ይሸሻል፤ አንዳጁ አስቀድሞ በቂ ውኃ ካላስገባ የእሳት ሳጥኑ ጣሪያ ከውኃ ይራቆታል። ጣሪያው ከተራቆተና ከጋለ ብረቱ ይለሰልሳል፣ በእንፋሎቱ ግፊት ሊፈነዳም ይችላል። ለጥንቃቄ ሲባል በጣሪያው ላይ በሙቀት የሚቀልጥ የእርሳስ ማዕድን ያለበት ቡሎን ይገጠማል፤ ሲቀልጥ እንፋሎቱ እሳቱ ላይ ይወርድና ያቀዘቅዘዋል። ይህ ቡሎን የቀለጠበት አንዳጅ ግን በአለቆቹ ፊት የሚጠብቀው ነገር አያስደስትም። በምጽዋ–አስመራ መስመር የመጨረሻው ከፍታ ከአስመራ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሚገኝ፣ አንዳጁ ለሰዓታት ከወጣና ከደከመ በኋላ ነው ይህ ጥንቃቄ የሚጠየቀው። በማሌ ላይ የፊተኞቹ መንኰራኵሮች ሲንሸራተቱ ሁኔታው ራሱን በራሱ የማረም ባሕርይ አለው፤ የፊተኞቹ ሲሊንደሮች የሚሠሩበት እንፋሎት ቶሎ ያልቅና ግፊቱ ሲወርድ መንኰራኵሮቹ ተመልሰው ይያዛሉ። አሽከርካሪውና አንዳጁ ይህን በድምፁ ይለዩታል። ለመነሣት ጊዜ ደግሞ የፊተኞቹ ሲሊንደሮች ከኋለኞቹ እስኪደርሳቸው እንዳይጠብቁ፣ ጥቂት እንፋሎት በቀጥታ ከቦይለሩ እንዲሰጣቸው ይደረጋል። ቁልቁለቱን በተመለከተ ሥራው በሎኮሞቲቩ ፍሬን ብቻ የሚወጣ ስላልነበረ በየፉርጎው የእጅ ፍሬን የሚያጠብቁ ሠራተኞች አብረው ይጓዙ ነበር።

የመስመሩ አመጣጥ ወታደራዊ ነው። በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የሚሆን የጣሊያን ጦር ከደመሰሱ በኋላ፣ ጣሊያን ጦሯን ከምጽዋ ወደ ሰሐጢ በአስተማማኝ ሁኔታ ለማመላለስ ሐዲድ መዘርጋት ጀመረች። በ1888 ዐፄ ዮሐንስ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሰሐጢ ምሽግ ፊት በቀረቡበት ወቅት ይህ የመጀመሪያው ክፍል እየተጠናቀቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው ለዓመታት ቆሞ፣ ጊንዳዕ በ1904፣ ነፋሲት በ1910፣ አስመራ በ1911 ሐዲድ ደረሳቸው። ወደ ምዕራብ ከረን በ1922፣ አቆርዳት በ1928 ተጨመሩ። ድንጋዩን የፈለጡት፣ ዋሻውን የቦረቦሩትና ድልድዩን ያነጹት በአብዛኛው የአገሩ ሰዎች ነበሩ። በጣሊያን ዘመን ግን መሪውን የሚይዘው ጣሊያናዊው ሲሆን አካፋው ለአገሬው ሰው ይቀርለት ነበር፤ በ1937ና በ1938 የወጡት የዘር ሕጎችም ይህን ልዩነት አጠበቁት። አንዳንድ ጸሐፊዎች ስለ እነዚህ ሎኮሞቲቮች ሲጽፉ የጄኖቫን ፋብሪካ ብቻ እያሞገሱ ይህን ያልፉታል፤ እኔ ግን ሁለቱን ለያይቶ መናገር ትክክል አይመስለኝም።

አሁን ጠያቂው በቀጥታ ያላነሡት፣ ነገር ግን ከጥያቄያቸው የሚከተል አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የማሌ ንድፍ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካስቆጠረ በኋላ ጣሊያኖች በ1938 ለምን እንደገና ሠሩት የሚለው ነው። በዚያ ዘመን መንገደኛው ሊቶሪና በተባለው በናፍጣ በሚሠራው የፊያት ሠረገላ ይጓዝ ጀምሮ ነበር፤ ከምጽዋ አስመራ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኬብል ማጓጓዣ ተዘርግቷል፤ በአውራ ጎዳናውም ካሚዮን በዝቷል። በአሜሪካ ደግሞ ግዙፍ ተጣጣፊ ሎኮሞቲቭ የሚሠሩ ኩባንያዎች እንፋሎቱን ሁለት ጊዜ መጠቀሙን እየተዉ በአራቱም ሲሊንደር ከፍተኛ ግፊት ወደ መጠቀም አዘንብለው ነበር፤ በ1941 የወጣው ቢግ ቦይ የተባለው ሎኮሞቲቭ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። የአሜሪካኖቹ ፍላጎት ፍጥነት ነበር፤ በፍጥነት ሲነዱ የማሌ ሰፋፊ የፊት ሲሊንደሮች እንፋሎቱን ቶሎ ማስወጣት ያቅታቸዋል፣ የፊቱም ክፍል ይንገዋለላል። በዓርበሮቡዕ ጥምዝ ላይ ግን ማንም በፍጥነት አይሄድም። አቀበቱም፣ ጥምዙም፣ ሐዲዱ የሚሸከመው ክብደትም በ1911 እንደነበረ ነው። በአስመራ ወርክሾፕ ያሉት ባለሙያዎች የ440ዎቹን ጠባይ አብጠርጥረው ያውቃሉ፤ መለዋወጫውንም ራሳቸው ይቀርጹታል። ስለዚህ በእኔ ግምት 442 የኋላ ቀርነት ምልክት ሊባል አይገባውም፤ ያንኑ ሥራ በዚያው መንገድ ላይ እንዲሠራ የታዘዘ፣ የተሻሻለ 440 ነው።

ከጅቡቲ–አዲስ አበባው መስመር ጋር ያለው ዝምድና ሩቅ ነው። ያኛው በፈረንሳይ ኩባንያ የተሠራ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰና በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ያለው ነው። የኤርትራው ስፋት ግን 95 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ እንግዳ የሚመስል ቁጥር የመጣው ጣሊያኖች በሕግ የወሰኑትን አንድ ሜትር ከሐዲዱ የውስጥ ጠርዝ ሳይሆን ከሐዲዱ ራስ መሃል እስከ መሃል ይለኩት ስለነበር ነው። የአምስት ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ የአያትዎ ሎኮሞቲቭ ድሬዳዋ ቢወሰድ ሐዲዱ ላይ እንኳ ሊቆም አይችልም ነበር። በአንድ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር በነበሩባቸውም ዓመታት ሁለቱ መስመሮች ተገናኝተው አያውቁም።

እንግሊዞች በ1941 አስመራን ከያዙ በኋላ ማሌዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። በፌዴሬሽኑም ዘመን፣ በኋላም ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ ጭነት ጎትተዋል። በ1957 የክሩፕ ፋብሪካ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መጡ። ሆኖም በ1960ዎቹ አጋማሽ መስመሩ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ መንገደኛ ሲያመላልስ እንፋሎቱ ገና አልጠፋም ነበር። መስመሩን ያቆመው ጦርነቱ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ ሐዲዱና የብረት አግዳሚዎቹ ተነቅለው በሁለቱም ተዋጊ ወገኖች የምሽግ ጣሪያና ግድግዳ ሆኑ፤ ሎኮሞቲቮቹም ባሉበት ቆመው ዛጉ።

ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላ መስመሩን መልሶ ለመሥራት የተጠሩት ጡረታ የወጡት የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ሰባን አልፎ ነበር። ሐዲዱና አግዳሚው ከየምሽጉ ተለቅሞ ተመለሰ፤ ሥራው በአብዛኛው በአገሩ አቅምና ገንዘብ ተካሂዶ በ2003 ባቡር ከምጽዋ ዳግመኛ አስመራ ገባ። ሎኮሞቲቮቹን ማንሣት የተቻለው የማሌ አካል ተፈታትቶ በሌዝ ማሽን፣ በመዶሻና በሞረድ ሊጠገን የሚችል በመሆኑ ነው፤ ከፋብሪካ ካልመጣ የማይተካ ረቂቅ ክፍል የለውም። የሚያስቸግረው ቦይለሩ ነው፤ ቱቦዎቹ በየጊዜው መለወጥ አለባቸው፣ የእሳት ሳጥኑም ግድግዳ እየሳሳ ሲሄድ የሚሸከመው ግፊት መቀነስ ይኖርበታል። ከ442ቱ ቡድን ዳግመኛ እንፋሎት አንሥተው ከተንቀሳቀሱት መካከል 442.55፣ 442.56 እና 442.59 ይገኛሉ፤ ሦስቱም ቁጥራቸው በፎቶግራፉ ላይ ከሚነበበው ጋር ይገጥማል። የቁጥሩ ሰሌዳ በሾፌሩ ክፍል ጎን ከመሆኑ ሌላ በፊት መከላከያው ብረት ላይም ይጻፍ ስለነበር፣ ፎቶግራፉ በከፍተኛ ጥራት ስካን ተደርጎ ያ ቦታ ቢታይ የትኛው እንደሆነ መለየት ይቻል ይሆናል። ከ2003 ወዲህ እነዚህ ሎኮሞቲቮች የሚወጡት እንደ ቀድሞው በየቀኑ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ጎብኚዎች ተሰባስበው ባቡሩን ሲከራዩ ነው።